አባባን የሚያዝዝ ጂፒኤስ

ባየሽ ከሱቁ በር ፊት ቆማ ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣችና ለመጨረሻ ጊዜ አነበበችው። አምስት ጥያቄዎች ተጽፈውበታል። ጎልማሶች ማንበብና መጻፍ በሚማሩበት ክፍል መምህርቷ «ዕቃ ልትገዙ ስትሄዱ ጥያቄያችሁን ጽፋችሁ ያዙ፤ ሻጭ ሲያወራ ሐሳብ ይበተናል» ብላቸው ስለነበር፣ ሦስት ቀን ሙሉ ስትጽፍና ስትሰርዝ ነው የቆየችው። ፊደል የቆጠረችው አሜሪካ መጥታ ሬንተን ከተማ ከገባች በኋላ፣ ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ሲል ነው። አንድ ወረቀት ሙሉ ጥያቄ ለእሷ ቀላል ነገር አይደለም።

ልትገዛ የመጣችው መንገድ የሚመራ ጂፒኤስ ነው። ያውም ተራ ጂፒኤስ ሳይሆን ለአርቪ የሚሆን። አርቪ ማለት አልጋ፣ ምድጃና ሽንት ቤት ያለው፣ ቁመቱ አውቶብስ የሚያክል ቤት መኪና ነው። ባሏ ሀይለየሱስ ከሚሠራበት የአውሮፕላን ፋብሪካ ባልደረባው ለቅዳሜና እሁድ ተውሶታል። ትልቋ ልጃቸው ሃሴት ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ስፖካን ከተማ በፋርማሲ ትመረቃለች። የከተማው ሆቴል ሁሉ ከወራት በፊት ተይዟል። የአማቷ የአባባ መልከጸዴቅ ወገብ ደግሞ ረጅም መንገድ ተቀምጦ መሄድ አይችልም። አርቪው አልጋ አለው፤ ለምረቃው የሚጋገረውን ዳቦም ይችላል።

ሃሴት በስልክ የለመነቻት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ማሚ፣ ፕሊስ፣ ጊፍት ምናምን አልፈልግም። ስሜ ሲጠራ እዛ ሁኑልኝ። ጀስት ቢ ዜር፣ ኦኬ?»

ልጅቷ ይህን ያለችው ያለ ምክንያት አልነበረም። ባለፈው ዓመት የሀይለየሱስ የአክስት ልጅ ፖርትላንድ ላይ ሲዳር፣ ሙሉ ቤተሰቡ ተለባብሶ በጧት ተነሥቶ ነበር። ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ቀጥ ያለ አውራ ጎዳና ነው። አባባ መልከጸዴቅ ግን ከጋቢና ሆነው «ይሄ መንገድ ያስዞራል፤ ወደ ቀኝ በል» አሉ። ሀይለየሱስ ወደ ቀኝ አለ። ከቀትር በኋላ ሁሉም በሱፍና በሐበሻ ቀሚስ ፓስፊክ ውቅያኖስ ዳር ቆመው ነፋስ ይመታቸው ነበር። ሠርጉ ቤት ሲደርሱ ያገኙት ወንበር የሚያጣጥፉ ሠራተኞችን ነው። አባባ በመልስ ጉዞው ላይ «ባሕሩን ሳታዩ ብትቀሩ ይቆጫችሁ ነበር» አሉ።

እዚያ ቤት አባባን «ተሳስተዋል» ያለ ሰው የለም። ሠላሳ ዓመት በአሰብ መንገድ ላይ ከነተሳቢው መኪና ነድተዋል። ተራራና ወንዝ አይተው መንገድ ያውቃሉ፤ ችግሩ የሚያውቁት ተራራና ወንዝ እዚህ አለመኖሩ ነው። ሀይለየሱስ ፋብሪካው ውስጥ ሃያ ሰው ያዝዛል፤ አባቱ ጎኑ ሲቀመጡ ግን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ይሆናል። በስልክ እየተመሩ ለመሄድም ሞክረው ነበር። ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴት «ወደ ግራ ታጠፉ» ስትል አባባ «ይቺ የማን ልጅ ናት? ማን ጠየቃት?» ብለው አስጠፏት።

ባየሽ ወረቀቷን ይዛ ገባች።

ሻጩ ቀይ ጺም ያለው ጎረምሳ ነው። ደረቱ ላይ የተለጠፈውን ስም ፊደል በፊደል አነበበችው፤ ሌዊ ይላል። ሌዊ ከሆነስ አያታልለኝም ብላ ልቧ ትንሽ ረጋ።

«አንደኛ» አለች ወረቀቷን እያየች፣ «መኪናው ረጅም መሆኑን መሣሪያው ያውቃል ወይ?»

ሌዊ በመደርደሪያው ላይ ካሉት ትንሹን ወደ ጎን ገፋው። «ይሄ አያውቅም፤ ለትንንሽ መኪና ነው። ዝቅ ያለ ድልድይ ስር ይዞዎት ይገባና የጣሪያውን ክዳን እንደ ሰርዲን ቆርቆሮ ይከፍተዋል። እነዚህ ሁለቱ ግን ከፍታውን፣ ርዝመቱንና ክብደቱን ይጠይቃሉ። ከዚያ የማይችለው መንገድ ላይ አይወስዱዎትም። የመኪናው ከፍታ ስንት ነው?»

«አሥራ አንድ ጫማ ከስምንት ኢንች።»

«ጣሪያው ላይ ያለውን የአየር ማቀዝቀዣ ረስተው እንዳይሆን። ሰው ሁሉ እሱን ይረሳል።»

ባየሽ ቅር አላት። እሷ መሰላል አውጥታ፣ ባሏ ከታች እየጮኸባት፣ ማቀዝቀዣውንም የእሱንም ክዳን ለክታለች። «እኔ አልረሳም» አለችው።

ሁለተኛው ጥያቄ ተራራ ላይ ስልክ ሲጠፋ ይሠራል ወይ ነበር። ይሠራል፤ ከሳተላይት ጋር ነው የሚነጋገረው። ሦስተኛው የጋዝ ሲሊንደር የተጫነ መኪና የማይገባበትን ዋሻ ያውቃል ወይ ነበር። ያውቃል። አራተኛው መነጽር ሳታደርግ ጽሑፉን ማየት ትችል እንደሆነ ነበር። ሌዊ ጽሑፉን ሲያተልቀው ባየሽ አፏ ውስጥ ቃላቱን ቀስ እያለች አነበበች። ቻለች። ደስ አላትና ሌላ ገጽ እንዲከፍትላት ጠየቀችው፤ እሱንም ቻለች።

አምስተኛውን ለመጠየቅ ግን አፈረች። ወረቀቱን አጠፈች፣ ዘረጋች።

«አንድ የቀረ ያለ ይመስላል» አለ ሌዊ።

«አንድ ትልቅ ሰው አሉ፤ የባሌ አባት ናቸው። የሚላቸውን ይሰማሉ ወይ?»

«ድምፁ በጣም ከፍ ይላል።»

«ጆሯቸውስ ጤነኛ ነው። መታዘዛቸውን ነው የምጠይቀው።»

ሌዊ ከት ብሎ ሳቀ። የእሱም አያት አንድ ጊዜ ከመሣሪያው ጋር ተጣልተው ሐይቅ ውስጥ ሊገቡ ነበር። የመጀመሪያውን ትልቅ መሣሪያ ከፍቶ ድምፆቹን አሰማት። እንግሊዛዊት አለች፣ አውስትራሊያዊ አለ፣ እንደ ወታደር አዛዥ የሚናገር አለ። ባየሽ እያንዳንዱን ስታዳምጥ አባባ ጋቢና ውስጥ ሆነው «ይሄ ደግሞ የማን ልጅ ነው?» ሲሉ ይታያታል።

«ሁለተኛው ደግሞ» አለ ሌዊ፣ «የራስዎን ድምፅ መቅዳት ይቻላል። ብዙ ሰው የልጅ ልጁን ድምፅ ያስገባበታል። ሠላሳ ስድስት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ለእያንዳንዱ አራት ሴኮንድ ይሰጣል።»

ባየሽ መሣሪያውን አንሥታ በእጇ መዘነችው። ከዚያ ፊቷ ላይ ቀስ ብሎ አንድ ነገር መጣ፤ ሌዊ ምን እንዳሰበች ባያውቅም እሱም ፈገግ አለ።

«ይሄንን ስጠኝ» አለችው።

በማግሥቱ ታኮማ ወደምትባለው ጎረቤት ከተማ ሄደች። ታኮማ የሚኖሩት እትዬ የኔነሽ የአባባ መልከጸዴቅ ታላቅ እህት ናቸው፤ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። እናታቸው ስትሞት መልከጸዴቅን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። በዚህ ዓለም ላይ አባባን «አንተ» ብሎ የሚጠራ ሰው ቢኖር እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ አባባም እሳቸውን «አንቱ» ይላሉ፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገውባቸው አያውቁም። እትዬ የኔነሽ እግራቸው ስለሚያብጥ ምረቃው ላይ አይሄዱም።

ባየሽ ነገሩን ስታስረዳቸው መጀመሪያ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ እሱን ስፖካን ድረስ ላዝዘው?»

«ይቅር ይበሉኝ እትዬ። ነውር ከሆነ እተወዋለሁ። ለሃሴት ብዬ ነው። ኃጢአትም እንዳይሆንብኝ ፈርቻለሁ።»

«ምን ኃጢአት አለው። አምጪው እስቲ።»

ባየሽ መሣሪያውን ጠረጴዛው ላይ አቆመች። ስክሪኑ ላይ የመጣውን ዓረፍተ ነገር በጣቷ እየተከተለች አነበበች። «ወደ ግራ ታጠፉ ይበሉ።»

እትዬ የኔነሽ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መልኬ፣ እንደምን ዋልክ፣ ወገብህን እንዴት አደረገህ፣ ልጆቹስ…» መሣሪያው ጢጥ ብሎ ዘጋባቸው።

«እትዬ፣ አራት ሴኮንድ ብቻ ነው። ሰላምታው አይገባም።»

«ሰላም ሳልለው ልዘዘው? ከብት ነው እንዴ የምነዳው?»

ሁለተኛ ሞከሩ፤ ከሰላምታው በኋላ «ወደ» የምትለዋን ብቻ አስገቡ። ሦስተኛ ሞከሩ፤ ሃሴትን መረቁና ጊዜው አለቀባቸው። በመጨረሻ ተስማሙ። ሰላምታው የሚባለው አንድ ጊዜ፣ መሣሪያው መጀመሪያ ሲነሣ ነው። ሌላው ባጭሩ ይሆናል።

«ግን መሪውን የሚይዘው ሀይለየሱስ አይደለም?» አሉ እትዬ የኔነሽ። «ታዲያ እኔ ከልጁ ጋር ምን አገናኘኝ? አባቱ ቁጭ ብሎ ልጁን ባዝዘው መልኬ ያኮርፋል። እኔ ለመልኬ እነግረዋለሁ፤ እሱ ለልጁ ይንገረው።»

ባየሽ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ይህን እሷ አላሰበችውም ነበር። በዚያ ቤት ትእዛዝ የሚወርደው በደረጃ ነው፤ አንዱን ደረጃ ዘለው ካለፉት ቤቱ ይታመሳል።

እናም እንዲህ ቀዱ። «መልኬ፣ ግራ በለው።» «መልኬ፣ ቀኝ በለው።» «መልኬ፣ ቀጥ ብሎ ይሂድ።» «መልኬ፣ አዙሮ ይመለስ።» ሠላሳ ስድስቱንም እስኪጨርሱ ድረስ ሁለት ጊዜ ሻይ ጠጡ፤ እትዬ የኔነሽ በሳቅ ስለተሰናከሉ አንዳንዱን አምስት ጊዜ ደገሙት። ባየሽ ስትወጣ እትዬ ብቻቸውን «ግራ በለው» እያሉ ሲለማመዱ ከኋላዋ ሰማቻቸው።

ቅዳሜ ጧት አንድ ሰዓት ላይ አርቪው ከሬንተን ተነሣ። አልጋው ለአባባ ወገብ ተነጥፎ ነበር፤ አባባ ግን አላዩትም። ባርኔጣቸውን አስተካክለው ጋቢና ገቡ። ሀይለየሱስ መሪውን ይዟል። ባየሽ ከኋላቸው ካለችው ትንሽ ጠረጴዛ ጋር ተቀምጣ የምታውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨርሳ እንደገና ከመጀመሪያው ጀምራለች። ለባሏ የነገረችው ግማሹን ነው፤ «መሣሪያውን አስተካክያለሁ፤ አንተ አባባን ብቻ ስማ» ብላዋለች።

ሞተሩ ሲነሣ ከመስታወቱ ሥር ድምፅ መጣ።

«መልኬ፣ እንደምን አደርክ፣ ወገብህ እንዴት ነው?»

አባባ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እግዚአብሔር ይመስገን እትዬ። እንደምን አደሩ? እግርዎ እንዴት ሆነ? በጧት ነቁ ደግሞ፤ ምነው…»

«መልኬ፣ ቀኝ በለው።»

«ቀኝ በል» አሉ አባባ ወዲያው። ሀይለየሱስ በመስታወት ሚስቱን አየ። ሚስቱ መስኮት ታያለች። ቀኝ አለ።

ነገሩ እንደ ቅቤ ሄደ። እትዬ የኔነሽ ለአባባ፣ አባባ ለልጃቸው፣ ልጁም ለመኪናው እያስተላለፈ ከከተማው ወጡ። አባባ በየመሐሉ ጨዋታ ይጀምራሉ፤ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ዘንድሮ ዝናብ። መልስ ሲያጡ «ተራራ ላይ ስለሆንን ነው፤ ድምፁ ይቆራረጣል» ይላሉ። ስኖኳልሚ የሚባለውን ተራራ ሲያልፉ ግን አንድ ነገር ገረማቸው።

«ባየሽ፣ እትዬ ይሄን መንገድ መቼ አወቁት?»

ባየሽ መዋሸት አትወድም። «ሁሉም ተነግሯቸዋል አባባ» አለች። ቃሉን ብቻ ካየነው ይህ እውነት ነው።

«ድሮም እንዲህ ናቸው። ከቤት ሳይወጡ የማያውቁት የለም።» አባባ ረክተው ወደ ፊት ዞሩ።

አራት ሰዓት ገደማ የኮሎምቢያን ወንዝ ተሻገሩ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ግራና ቀኝ የሌለው፣ በስንዴ ማሳ መሐል እንደ ገመድ የተዘረጋ ነው። መታጠፊያ ስለሌለ መሣሪያው የሚለው ነገር የለውም፤ ዝም አለ። ሜዳው ሰፊ፣ ሰማዩ ሰፊ። እንዲህ ያለ ቦታ የሰውን ሆድ ይከፍታል መሰለኝ፤ አባባ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዟዟሩትና ወደ መሣሪያው ጠጋ አሉ።

«እትዬ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ዛሬ የልጅ ልጄ ልትመረቅ ነው። እንዲህ ባለው ቀን ሆድ ውስጥ ነገር ይዞ መሄድ ጥሩ አይደለም። የአጎታችን የግድግዳ ሰዓት ትዝ ይልዎታል? ፈትቼ መልሼ መግጠም ያቃተኝ እኔ ነበርኩ። ዝም አልኩ። እርስዎ ተገረፉበት።»

ሀይለየሱስ መሪውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ባየሽ ጸሎቷን አቋረጠች።

መሣሪያው ዝም አለ። አምስት ማይል ዝም አለ፤ አሥር ማይል ዝም አለ። አባባ ጠበቁ። ፊታቸው ላይ መጀመሪያ ተስፋ፣ ከዚያ ጭንቀት፣ ከዚያ ኩርፊያ ተፈራረቀ። ከሃያ ማይል በኋላ ድምፁ መጣ።

«መልኬ፣ ቀጥ ብሎ ይሂድ።»

«ይኸው ነው?» አሉ አባባ። «ስድሳ ሰባት ዓመት የተሸከምኩትን ነገርኳቸው፤ ቀጥ ብሎ ይሂድ ይሉኛል? ቢቆጡኝ ምናለ? ቢረግሙኝስ?»

ባየሽ ያን ጊዜ መናገር ነበረባት። ኋላ ላይ ለራሷም እንዲህ ብላለች። አፏን ከፈተችም። ግን «እሳቸው አይደሉም፣ ሳጥን ነው፤ እኔ ነኝ ያታለልኩዎት» ለማለት አልደፈረችም። በሃያ ስድስት ዓመት ትዳሯ አማቷን «ጨው በዝቶብዎታል» እንኳ ብላ አታውቅም።

«እንግዲህ እኔም አልሰማቸውም» አሉ አባባ። «ሀይለየሱስ፣ ከፊት ያለውን መውጫ ያዝ። ይሄ ትልቁ መንገድ ያስዞራል፤ በማሳው መሐል አቋራጭ አለ።»

ሀይለየሱስ መውጫውን ያዘ።

«መልኬ፣ አዙሮ ይመለስ» አለ መሣሪያው።

«አይመለስም።»

«መልኬ፣ አዙሮ ይመለስ።»

«እርስዎ ሲመልሱልኝ እሱ ይመለሳል።»

ባየሽ ሰዓቷን አየች። አምስት ተኩል ሊሆን ነው። ስሜ ሲጠራ እዛ ሁኑልኝ ያለችው ልጇ ካባዋን እያስተካከለች መሆን አለበት። በአቋራጩ መጨረሻ ፖርትላንድም ሆነ ባሕር እንደሌለ ታውቃለች፤ ግን እዚህ አገር አባባ ካሰቡ ባሕር አይጠፋም።

መንገዱ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ አስገባቸው፤ አንድ ነዳጅ ማደያ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ የእህል ጎተራ። ከጎተራው አለፍ ብሎ የባቡር ሐዲድ መንገዱን ከላይ ያቋርጣል፤ መኪና የሚያልፈው ከሥሩ ነው። ሀይለየሱስ ወደዚያ ወረደ።

«መልኬ፣ ጎንበስ በል» አለ መሣሪያው።

አባባ አኩርፈዋል፤ አልሰማም ብለዋል። ሰውነታቸው ግን ከልጅነት ጀምሮ ያደገበትን ድምፅ ሰማና ጎንበስ አሉ። ሀይለየሱስ አባቱ ሲጎነበሱ አይቶ ምን መጣ ብሎ መሪው ላይ ጎንበስ አለ። ባየሽም ጎንበስ አለች። አርቪው ግን እንደቆመ፣ አንገቱን ሳይደፋ፣ ወደ ድልድዩ ገሠገሠ።

ባየሽ አንገቷን ደፍታ ሳለ ነገሩ በራላት። ታኮማ ላይ ስክሪኑ አንድ ያልለመደችው ቃል አምጥቶባት ነበር፤ ክሊራንስ። እትዬ የኔነሽ «ምን ማለት ነው?» ሲሏት፣ ደክሟትም ስለነበር «ከፊት ለፊት ዝቅ ያለ ነገር አለ ማለት ይመስለኛል» ብላ አለፈችው። እትዬ የኔነሽ ደግሞ በራፉ አጭር የሆነ ቤት ሲገባ የሚባለውን አሉ።

ቀና አለች። ድልድዩ ላይ ቢጫ ሰሌዳ ተለጥፏል። ያው ቃል አለበት። ከቃሉ ሥር የማለፊያው ከፍታ በቁጥር አለ፤ አሥር ጫማ ከስድስት ኢንች። እሷ የለካችው አሥራ አንድ ከስምንት ነው።

«ሀይሌ፣ ቁም።»

ድምፁ ከየት እንደወጣ ለራሷም አልገባትም። ሀይለየሱስ ፍሬኑን ረገጠ። ከኋላ የምረቃው ዳቦ ከመደርደሪያው ወርዶ እየተንከባለለ እግሯ ሥር መጣ። የአርቪው ግንባርና የድልድዩ ብረት በአንድ ክንድ ርቀት ተፋጠጡ።

ከዚያ አባባ በሩን ከፍተው ወረዱ። ጣሪያውን አዩ፣ ድልድዩን አዩ፣ ተመልሰው ጣሪያውን አዩ። ከአርቪው ኋላ ሁለት ፒክአፕና አንድ ትራክተር የጫነ መኪና ተደርድረዋል። መንገዱ ጠባብ፣ ጠርዙ ቦይ ነው። ሀይለየሱስ እንዲህ ያለ ረጅም መኪና ወደ ኋላ ነድቶ አያውቅም።

አባባ ወገባቸውን ይዘው ወደ ኋላ ሄዱ። እንግሊዝኛቸው ከ«ሃው አር ዩ» ብዙም አያልፍም። አላስፈለጋቸውም። ለመጨረሻው መኪና መዳፋቸውን አሳይተው አስቆሙት፤ ጣታቸውን አዙረው ወደ ኋላ አስኬዱት። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን እንዲሁ። ገበሬዎቹ ባርኔጣ የደፋውን ሽማግሌ አይተው እንደ ትራፊክ ፖሊስ ታዘዙላቸው። ከዚያ ወደ አርቪው ዞሩ። በግራ እጃቸው «ና፣ ና»፣ በቀኝ እጃቸው «ሰበር አድርግ»፤ በመዳፋቸው ጎኑን አንዴ ሲመቱት ይቆማል፣ ሁለቴ ሲመቱት ይነሣል። በአሰብ መንገድ ላይ ሁለት ተሳቢ መኪና አንድ ጠባብ ድልድይ ላይ ሲገናኙ እንዲህ ነበር። ያን ሁሉ ርቀት፣ አንዴም ቦዩን ሳያስነኩ፣ ነዳጅ ማደያው ድረስ መልሰው አስገቡት። የትራክተሩ ባለቤት በመስኮቱ አውራ ጣቱን አነሣላቸው።

አባባ ተመልሰው ገብተው ሲቀመጡ ላባቸውን ጠረጉ። ባየሽ ከኋላ ተነሥታ በሁለቱ ወንበሮች መሐል ቆመች።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። እትዬ የኔነሽ ስልክ ላይ አይደሉም። ይሄ ሳጥን ነው። እኔ ነኝ ድምፃቸውን ያስገባሁበት። ለሃሴት እንድንደርስ ብዬ ነው።»

አባባ መሣሪያውን አዩት። በጣታቸው ጫፍ ነካ አደረጉት።

«እሳቸው ያውቃሉ?»

«ያውቃሉ። እየሳቁ ነው የቀዱት።»

«እዚህ ውስጥ ግን የሉም።»

«የሉም አባባ።»

«እኔ ስናገር አይሰሙም።»

«አይሰሙም።»

አባባ ረጅም ትንፋሽ ለቀቁ። ፊታቸው ላይ የነበረው ኩርፊያ እንደ ጠዋት ጉም ተነሣ። «ታዲያ የሰዓቱን ነገር አልሰሙም ማለት ነው።»

«አልሰሙም።»

«ሌላስ ማን ሰማ?»

ባየሽ ባሏን አየችው። ባሏ መንገዱን አየ፤ መኪናው ቆሞ ነው።

«ሀይለየሱስ እየነዳ ነበር» አሉ አባባ ራሳቸው። «የሚነዳ ሰው ወሬ አይሰማም። አንቺ ደግሞ እየጸለይሽ ነበር።»

«እየጸለይኩ ነበር አባባ።»

«ጥሩ። እኔም ሳጥን መሆኑን አልሰማሁም።» ባርኔጣቸውን አጠለቁ። «እሺ እትዬ፣ ይቀጥሉ።»

ከዚያ በኋላ አባባ የታዘዙትን ያህል ሰው ታዝዞ አያውቅም። መሣሪያው «አዙሮ ይመለስ» ሲል «እንዳሉ እትዬ» ይላሉ። «ቀኝ በለው» ሲል ለልጃቸው አስተላልፈው «ብዬዋለሁ» ብለው መልስ ይሰጣሉ። ሀይለየሱስ ከንፈሩን ነክሶ ነዳ። ባየሽ ዳቦውን በፎጣ ጠርጋ ጉልበቷ ላይ አቀፈችው፤ ዓይኗን ከሰዓቱ አልነቀለችም። ሰባት ሰዓት ሆነ፤ ሰባት ከሩብ፤ ሰባት ተኩል። የስፖካን ሕንፃዎች ብቅ አሉ። ሀይለየሱስ አርቪውን ሁለት መኪና ሊቆምበት በሚችል ቦታ ላይ ፓርክ ሲያደርግ ስምንት ሊሆን አሥር ደቂቃ ቀርቶታል።

ከዚያ አዳራሹ ድረስ በእግር ነው። አባባ በአንድ እጃቸው ወገባቸውን፣ በሌላው የባየሽን ክንድ ይዘው ሄዱ። ሲገቡ የመክፈቻው ሙዚቃ አልቆ ነበር። አዳራሹ እንደ ስታዲየም የሰፋ ነው። የጥቁር ካባ ባሕር ከታች፣ የሰው ባሕር ከላይ። ያገኙት ቦታ ከላይ ጫፍ ላይ፣ ከአንድ ምሰሶ ጎን ነው። ከዚያ ሆኖ ሃሴት የትኛዋ እንደሆነች መለየት አልተቻለም። ባየሽ ስልኳን አወጣች፤ መልእክት ልትጽፍላት ፈለገች፤ ጀምራ ሰረዘችው።

ስም መጠራት ተጀመረ። መድረኩ ላይ ያለችው ሴት ቶሎ ቶሎ ትጠራለች፤ ልጆቹ ቶሎ ቶሎ ያልፋሉ። ባየሽ የሚጠሩትን የቤተሰብ ስሞች የመጀመሪያ ፊደል በልቧ ትከተላለች። ጄ አለፈ። ኬ አለፈ። ኤል ሲገባ የአባባን ክንድ ያዘች። ከታች ካባ ከለበሱት መሐል አንዲት ልጅ አንገቷን እያሰገገች የሰዉን መቀመጫ ረድፍ በረድፍ ስትፈልግ ከሩቅ ታየቻት። እሷ ናት። ወደ ሌላ በኩል ነው የምታየው።

«ሃሴት» አለች ሴትዮዋ። ቆም አለች፤ ወረቀቷን ጠጋ አድርጋ አየች፤ ከዚያ እያንዳንዱን ፊደል እየረገጠች በድምፅ ማጉያው ለመላው አዳራሽ ጠራችው። «መልከጸዴቅ።»

አሜሪካ ውስጥ የልጆቹ ወረቀት ላይ የቤተሰብ ስም ሆኖ የሚገባው የአያት ስም ነው። አባባ ይህን በወረቀት ደረጃ ያውቁታል። እንዲህ ሲጠራ ግን ሰምተውት አያውቁም።

ብድግ አሉ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ወገባቸውን አቃኑ፣ ካለው ሳንባቸው ሁሉ አውጥተው መለሱ።

«አቤት።»

ሕዝቡ በሙሉ ተቀምጧል፤ ከመቀመጫው መሐል የቆሙት እሳቸው ብቻ ናቸው። መድረኩ ላይ የደረሰችው ልጅ ድምፁን ሰምታ ዞረች። ያን ሁሉ ሰው አልፋ፣ ከምሰሶው ጎን የቆሙትን ሽማግሌ አየች፤ ከእሳቸው ሥር እናቷን አየች፤ ከእናቷ ቀጥሎ አባቷን። እጇን ወደ አፏ ሰደደች። ዲፕሎማውን የሚሰጧት ሰው ሁለት ጊዜ እስኪጠሯት ድረስ አልተቀበለችም።

አባባ አልተቀመጡም። «እኔን ጠርተው የለ» አሉ ወደ ባየሽ ሳይዞሩ፤ «እስኪያሰናብቱኝ ነው።»

ከኋላ የተቀመጠች ሴት የባየሽን ትከሻ በጣቷ ነካ አደረገች። ሽማግሌው እንዲቀመጡ እንድትነግራቸው፣ የሷ ልጅ አሁን ሊጠራ እንደሆነ፣ ምንም እንደማይታያት በትሕትና ነገረቻት። ባየሽ ቃል በቃል ገብቷታል። ዞር ብላ ፈገግ አለችላት፣ አንገቷን ነቀነቀች፣ እንግሊዝኛ እንደማታውቅ ሰው ሁለቱንም መዳፏን ዘረጋችና ወደ ልጇ ተመለሰች።